በወይራ የታጠነው ወንዝ

አስቀድሞ የተበደልኩት ይጻፍልኝ። የቢሮ ሰዎች የወንዙን ውኃ ከእኔ ግቢ በታች ብቻ ቀድተው፣ ከእኔ ግቢ በላይ አንዲት ጠብታ ሳይቀዱ፣ ጥፋተኞቹ የእኔ ላሞች ናቸው ብለው ፈረዱ። ፈርደውም ዝም አላሉም። ከጓሮዬ በታች፣ ጂንካ ውስጥ እግር ያለው ሁሉ በሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ዳር፣ ቀይ ታፔላ ተከሉ። «ይህ ውኃ በከብት እዳሪ የተበከለ ስለሆነ ለመጠጥም ለልብስ ማጠቢያም አይውልም» ይላል። ስሜ አልተጻፈበትም። ነገር ግን ከጽሑፉ ሥር ቀስት አለ። ሠዓሊው ወንዙን ያመለከተ መስሎት ይሆናል እንጂ ቀስቱ በቀጥታ የሚያመለክተው በረቴን ነው። ቆሜ አይቼዋለሁ። ከቀስቱ ጫፍ ክር ቢወጠር የሚያርፈው ቦራ ግንባር ላይ ነው።

ቦራ ላሜ ናት። ስለ እሷ እመለሳለሁ።

ከታፔላው ጋር ደብዳቤም መጣ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስቱን ላሞቼን ከወንዙ ዳር አንሥቼ ሌላ ቦታ እንዳደርግ ያዛል። ሌላ ቦታ የቱ ነው? ግቢዬ እንደ መቀነት ረጅምና ጠባብ ነው፤ አንዱ ጫፉ አስፋልት፣ ሌላው ጫፉ ወንዝ። ወደ አስፋልቱ ባስጠጋቸው ባጃጅ ይገጫቸዋል፤ ወደ ቤት ባስገባቸው እኔ መውጣቴ ነው። ሸኝቻቸው ብቀርስ? ጠዋት የምነሣው ለእነሱ ብዬ ነው። የልጅ ልጆቼም አያታችንን ልንጠይቅ መጣን ይላሉ እንጂ የሚጠይቁት እርጎውን ነው። ላሞቹ ከሄዱ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን የምትቆጥር አሮጊት ሆኜ መቅረቴ ነው፤ እሱን ደግሞ አልፈልግም።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሴት አይደለሁም። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ አራተኛን የተማርኩት ለአሥራ አንድ ቀን ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ልጆች ተደባደቡና አስተማሪው አንዱን ብቻ ገረፈ። ተነሥቼ «ያኛውስ?» አልኩት። እኔንም ገረፈኝ። «እሺ፣ እኔንም ገረፍክ፤ ያኛውስ?» አልኩት። በማግስቱ አባቴ ከትምህርት ቤት አስወጣኝ፤ ለቤተሰቡ ሰላም ሲል። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩት ይህችኑ ጥያቄ ነው።

አሁን ላሞቹን ላስተዋውቃችሁ። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ዐመለ ሸጋ ናት። ዳለቻን ያመጣኋት ከካኮ ገበያ ነው፤ በእግሯ ስለመጣች መንገዱን አልረሳችውም፣ በር ሲከፈት ፊቷን ወደ ካኮ አዙራ ትቆማለች። ሦስተኛዋ የፈረንጅ ላም ናት፤ ማለት አያቷ ፈረንጅ ነበረች ይባላል። ስሟ እሜቴ ነው። ፉርሽካ ካልተነሰነሰበት ድርቆሽ አትቀምስም። ስትታለብ ደግሞ የሠፈር ወሬ ካልተነገራት ወተቷን አትለቅም። ወሬ ባጣሁ ቀን ፈጥሬ አወራላታለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ብዙ ሰው ያለ ስሙ አምቻለሁ።

ወንዝ ስላችሁም ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። በበጋ ዶሮ ጭኗ ሳይርስ ትሻገረዋለች። ከጀርባችን ካለው ተራራ ይነሣል፣ በጎረቤቴ በጌታሁን ግቢ ያልፋል፣ ቀጥሎ በእኔ ጓሮ ያልፋል፣ ከዚያ ጉልበቱ ያልቅና ረግረጉ ላይ ይተኛል። ረግረጉ ቄጠማ ያበቅላል፤ ዳር ዳሩን ጎረቤቴ ወርቄ ጎደሬ ትተክልበታለች። ውኃው እዚያ ውስጥ ተኝቶ ተኝቶ ወደ ትልቁ ወንዝ፣ ወደ ነሪ ይወርዳል።

ላይኛው ጎረቤቴ ጌታሁን ድሮ ነጋዴ ነበር፤ አሁን አሥር ላሞች አሉት። ልብ በሉ፤ አሥር። እኔ ያለኝ ሦስት ነው። ታፔላው የቆመው ግን እኔ ጋ ነው።

ታችኛዋ ጎረቤቴ ወርቄ የአሪ ሴት ናት። አማርኛዋ የተስተካከለው ከእኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው፤ የእኔም ጥቂት አሪኛ የተገኘው በዚያው መንገድ ነው። ታፔላው የተተከለ ዕለት መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ዘንድ ነበር። ጎደሬዋን እየኮተኮተች ነው።

«ወርቄ፣ ላሞቼን ከሰስሽ አሉ።»

«እኔ ላም አልከሰስኩም፣ እትዬ። ውኃ ሸተተ ነው ያልኩት። እግሬን አሳከከኝ። ቄጠማ ገበያ ወሰድኩ፤ ሰው አነሣ፣ አሸተተ፣ መልሶ አስቀመጠ።»

«ሽታው ከማን መጣ ብለሽ ነው ታዲያ?»

«እሱን እነሱ ይወቁ። እኔ ያለኝ አፍንጫ ብቻ ነው።»

ከእሷ ጋር መጣላት አልቻልኩም። ስለዚህ ደብዳቤውን ወደ ጻፈው ቢሮ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ስብሰባው አልቆ ቁልፍ የያዘው ሰው ለምሳ ወጥቷል፤ ምሳው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ። በሦስተኛው ቀን በርጩማዬን ይዤ ሄድኩና በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ለመግባት እኔን መዝለል ስለነበረበት ቶሎ ጠሩኝ።

ያገኘኋት ባለሙያ ሰናይት ትባላለች። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ናት፤ ዕድሜዋ ከልጅ ልጄ አይበልጥም፣ ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጠቅልላዋለች።

«እማማ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ታፔላውን የተከልሽው አንቺ ነሽ?»

«ሳምፕሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ከእኔ በላይ ለምን አልወሰድሽም?»

ወረቀቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «መኪናው ሊመለስ ቸኩሎ ነበር» አለች።

«ላሞቼን የማጣው መኪና ስለ ቸኮለ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን አሠራሩ፣ መመሪያው እያለ ያደክመኝ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶውን ከፀጉሯ አውጥታ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። «ነገ ጠዋት በእግሬ እመጣለሁ» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጠላት አስቤ አቃተኝ።

በማግስቱ የላስቲክ ቦት ጫማ ተጫምታ፣ እጀታ ያለው መረብና ነጭ ትሪ ይዛ መጣች። ከጓሮዬ በታች ወንዙ ውስጥ ገባችና ድንጋዮቹን በእግሯ ትፈነቅል ጀመር። መረቡን ውኃው በሚወርድበት በኩል ደቅናዋለች።

«ልጄ፣ የወደቀብሽ ነገር አለ?»

«የለም እማማ። ነዋሪዎቹን እየቀሰቀስኩ ነው።»

መረቡን ትሪው ላይ ገለበጠችው። ያየሁት ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ነው። «ትንሽ ይጠብቁ» አለችኝ። ጠበቅሁ። ጭቃው ተንቀሳቀሰ።

እንደ ክር የቀጠነ፣ እንደ በርበሬ የቀላ ትል ተጠማዘዘ። ከጎኑ ሌላ። አንድ አልቅት ከእንቅልፉ እንደተነሣ ሰው ተንጠራራ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ወንዝ ቀድቻለሁ፣ ልብስ አጥቤበታለሁ፣ ልጆቼን ገላቸውን አጥቤበታለሁ፤ ከድንጋዩ ሥር ሌላ ቀበሌ እንዳለ የነገረኝ የለም። ትሪው ላይ ተደፍቼ ወገቤ እስኪያመኝ አየሁ።

«ይህ ቀዩ ትል አየር ባነሰው ውኃ ውስጥም ይኖራል» አለችኝ። «እበት ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሰዋል። ሌሎቹ ይታፈናሉ፤ እሱ ብቻውን ይቀራል።»

«ሌሎቹ እነማን ናቸው?»

በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ስድስት እግርና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሦስት ጭራዎች አሉት። «ይህ ባለ ሦስት ጭራው ከተገኘ ውኃው ደህና ነው ማለት ነው» አለች። «እኛ አንድ ቀን መጥተን አንድ ጠርሙስ ቀድተን እንሄዳለን። እሱ ግን ወራት ሙሉ እዚያው ነው። በሌለንበት የሆነውን ሁሉ አይቷል።»

ምስክር ማለት እንዲህ ነው አልኩ በልቤ። «ታዲያ ከላይም እንቀስቅሳቸው» አልኳት።

«ዛሬ ከሰዓት ለሥራ ወደ ኮልቾ እንወርዳለን። አሥር ቀን እዚያ ነኝ።»

«የእኔ ሁለት ወር ግን እየተቆጠረ ነው።»

ከቦርሳዋ ፎርም አወጣችና እያገላበጠች አሰበች። «እዚህ ላይ የኅብረተሰብ ተሳትፎ የሚል ቦታ አለ። ሁልጊዜ ባዶውን ነው የምንመልሰው። እርስዎ ለምን አይሰበስቡልኝም?» አለች። ከላይ ጀምሬ እስከ ረግረጉ በሰባት ቦታ ድንጋዩን እየፈነቀልኩ፣ ነፍሳቱን ከነውኃቸው እየያዝኩ፣ እሷ በምትመለስበት ዕለት ማለዳ ይዤላት እንድሄድ ተስማማን። መረቡን ተወችልኝ። ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣችና «ዕቃው ግን ንጹሕ ይሁን እማማ፤ በጣም ንጹሕ» አለችኝ።

«ልጄ፣ ለማን እንደምትነግሪ አላወቅሽም» አልኳት።

እነዚያን አሥር ቀናት ምን ሠራሽ ብትሉኝ፣ ድንጋይ ስገለብጥ ሰነበትኩ። ለልምምድ ያህል ነበር፤ በኋላ ግን ራሴን መመለስ አቃተኝ። ከድንጋይ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ለጥፎ ቤት ሠርቶ፣ ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድ ነፍሳት እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። እሜቴም ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ወሬ ሰማች፤ ስለዚህ ቤት ተሸካሚ ስነግራት ከወትሮው አንድ ኩባያ ጨምራ ታለበች።

ጌታሁን ግቢም ሄድኩ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱም ያናድደኛል። መረቤን ትከሻዬ ላይ አይቶ ሣቀ።

«እትዬ፣ ዓሣ ጀመሩ እንዴ?»

«ምስክር እየሰበሰብኩ ነው።»

«ለማን?»

«በማን ላይ ብለህ ብትጠይቅ ይሻልህ ነበር።»

እየሣቀ በሩን ከፈተልኝ። ዐይኔን ጥዬ አየሁ። ግቢው ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ለዳር፣ አጥር አጥሯል። ከአጥሩ ወዲያ ሣሩና ቄጠማው ሰው ያህል ቆሟል። ላሞቹ የሚጠጡት ከሲሚንቶ ገንዳ ነው። ሰው የገዛ ላሞቹን ከወንዝ የሚያጥረው ምን ሊደብቅ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። በዚያ ላይ የመዥገር መድኃኒት መርጫውን በጀርባው አዝሏል። ይህን በልቤ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ወደ ንጽሕናው ልምጣ። ቤቴ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቷል፤ ግን ፕላስቲክን ማን ያምነዋል? ትናንት ዘይት፣ ዛሬ ጋዝ፣ ነገ ውኃ ይያዝበታል። እኔ ሰባት የወተት ቅሎች አሉኝ። በፈላ ውኃ አጠብኳቸው። ፀሐይ ላይ ዘቅዝቄ አደረቅኋቸው። ከዚያ ወይራ ፈልጬ፣ ፍም አድርጌ፣ ቅሎቹ ውስጥ ጨምሬ ከደንኩና ጭሱን እስኪጠጡ ወዘወዝኳቸው። በደንብ የታጠነ ቅል ውስጥ ወተት ቶሎ አይበላሽም፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው። ለወተት የማጥነው ሁለት ጊዜ ነው። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው ብዬ አራት ጊዜ አጠንኳቸው። በከሰል ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ስጨርስ ቅሎቹ እንደ ሙሽራ ተደርድረው ነበር።

በቀጠሮው ማለዳ ከጌታሁን ግቢ አናት ጀምሬ እስከ ረግረጉ ሞላኋቸው፣ ከደንኳቸው፣ በባጃጅ ጭኜ ወደ ቢሮው ወሰድኳቸው።

ሰናይት የመጀመሪያውን ቅል ትሪው ላይ ገለበጠችው። ባለ ሦስት ጭራው በጀርባው ተንጋሎ ወጣ። ሁለተኛውን ገለበጠች። ሦስተኛውን። እጇ እየፈጠነ መጣ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እማማ፣ ቀዩ ትል እንኳን ሞቷል።»

«መሞት የለበትም ነበር?»

«እሱ በዋዛ አይሞትም።» አጎንብሳ ውኃውን አሸተተች። መልኳ ተለወጠ። «ሽታ አለው። ኬሚካል ነው።»

ሰናይት ያደገችው ወተት በላስቲክ እየተገዛ በሚመጣበት ከተማ ነው። የቢሮው ኃላፊ ተጠርቶ መጣና እሱም አሸተተ፤ ከባድ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ሆኖም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔስ ለምን አላወቅሁም? ቅሉን ወደ እኔ ያቀረበ የለም። ቢያቀርቡትም የገዛ ቤቴን ሽታ እንደ ሽታ ቆጥሬው አላውቅም።

«ከላይ እስከ ታች ከሞተ መርዙ የሚነሣው ከላይ ነው» አለ ኃላፊው። «የላይኛው ግቢ የማን ነው?»

«የጌታሁን ነው» አልኩ፤ ማንም ሳይቀድመኝ። «አሥር ላሞች አሉት። መድኃኒት በጀርባው ተሸክሞ በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

ይህን ስናገር ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፤ በጣም ደስ አለኝ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በሠፈሩ ዞረ። ከወንዙ ማንም እንዳይቀዳ፣ እንዳያጥብ፣ ከብት እንዳያጠጣ ተባለ። ለካስ እኔም ማንም ነኝ።

ላም ስንት እንደምትጠጣ ያወቅሁት ያን ሳምንት ነው። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ይህን አይቆጥርም። ከቦኖ ተሰልፌ ያመጣሁትን ጀሪካን እሜቴ ፊት ስገለብጠው ቀና ሳትል ጨረሰችውና አየችኝ፤ ቅምሻው ይህ ከሆነ ዋናው መቼ ይመጣል የምትል ትመስላለች። ቦራ ታግሣ ጠበቀች። ዳለቻ ፊቷን ወደ ካኮ አዞረች። ቦኖው ላይ የተሰለፉት ሴቶች ወንዙን የመረዘውን ሰው ይረግማሉ። እኔም ከሁሉ አብልጬ ረገምኩ፤ እጁ ይሰብሰብ አልኩ፣ ዘሩ አይባረክ አልኩ። አሁን ሳስበው ያ ሁሉ እርግማን በየት በኩል ተመልሶ እንደሚመጣ ይጨንቀኛል።

በአምስተኛው ቀን ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ አቶ ጌታሁን እስከ ቅዳሜ ድረስ አሥሩንም ላሞች ከወንዙ ዳር እንዲያነሣ ተወስኗል ብሎ አነበበ። ጌታሁን ተነሣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«መድኃኒት የምረጨው ከወንዙ ርቄ፣ ከበረቱ ጀርባ ነው። መጥቶ ያየ ሰው አለ?»

«ውጤቱ በቂ ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከእኔ በላይስ ለክታችኋል?»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። እኔ ተቁነጠነጥኩ። የእኔ ጥያቄ ነው፤ በር ላይ በበርጩማ ተቀምጬ የጠየቅሁት። አሁን ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁት።

ሊቀመንበሩ ሕዝቡ ራሱ ይፍረድ ብሎ አንዱን ቅል ከነውኃው አስመጣና ሰው እየተቀባበለ እንዲያሸት አደረገ። ፊት የተቀመጡት የቢሮ ሰዎች አፍንጫቸውን እየያዙ አሳለፉት። ወርቄ ጋ ደረሰ። ወርቄ አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ እኔን አየችኝና አቀበለችኝ።

ከንፈሬ አጠገብ ሳደርሰው አወቅሁት። እርጎ ልጠጣ የነበረ መሰለኝ። ወይራ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ የምላችሁ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ግን በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ብዙ ነገር አለፈ። ዝም ካልኩ አሥሩ ላሞች ይሄዳሉ፣ ታፔላውም ወደ ላይ ይሄዳል፣ የእኔ ሦስቱ ይቀራሉ። ከተናገርኩ ያ ሁሉ የሰበሰብኩት ምስክር ይሰረዛል፤ ሁለት ወሩም እየተቆጠረ ነው። ወርቄ አሁንም ታየኛለች። ሴትዮዋ ዐይኗን መንቀል አታውቅም።

ተነሣሁ። «ይህ መርዝ አይደለም» አልኩ። «የእኔ ወይራ ነው። ቅሉን አጥኜው ነው። ነፍሳቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ከአዳራሹ ኋላ በኩል ሣቅ ተነሣና እንደ ዝናብ ወደ ፊት መጣ። ሰናይት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

«እማማ፣ ንጹሕ ዕቃ ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ከታጠነ ቅል የበለጠ ንጹሕ ዕቃ አሳዪኝ።»

ጌታሁን አልሣቀም። ቆሞ ያየኛል። «እትዬ፣ ዝም ቢሉ ላሞችዎ ይቀሩልዎት ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ። ቁጭ በል» አልኩት።

በማግስቱ እንደገና ልንለካ ወጣን፤ ሰናይት፣ ጌታሁን፣ ወርቄና እኔ። ሰናይት ዕቃውን በወንዙ በራሱ ውኃ እያለቀለቀች ነው፤ ወይራ ይዤ እንዳልመጣሁም ጠይቃኛለች። የጀመርነው ከጌታሁን ግቢም በላይ፣ ተራራው ሥር ነው። ትሪው ላይ ባለ ሦስት ጭራው ሞልቷል። ወርቄ በአሪኛ ትቆጥራለች፣ እኔ በአማርኛ፣ ጌታሁን በጣቱ። ከጌታሁን ግቢ በታች ስምንት አገኘን። ያ ሁሉ አጥር የደበቀው ነገር የለም። ላይኛው አጥሬ ሥር ስድስት አገኘን፤ ስድስቱም ደህና ናቸው፣ ይሯሯጣሉ። ታችኛው አጥሬ ሥር አንድም የለም። ቀዩ ትል ብቻ ነው፤ እሱንማ መቁጠር ያሳፍራል።

«ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። የለም። «እኔ ልፈንቅል» አልኩና ከነጫማዬ ገባሁ። የለም።

ከላይኛው አጥሬና ከታችኛው አጥሬ መካከል ያለው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ የምከሰው ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ። አንዲት ዶሮ ነበረች።

«እማማ፣ ጠዋት ጠዋት በረቱን እንዴት ነው የሚያጸዱት?» አለች ሰናይት፤ በለሆሳስ።

በኩራት ነገርኳት። ያልጸዳ በረት አይቼ አልፌ አላውቅም። አዛባውን ጠርጌ፣ ወለሉን በስድስት ባልዲ ውኃ አጥቤ፣ ሟቹ ባለቤቴ በድንጋይ በሠራልኝ ቦይ ቁልቁል እለቀዋለሁ። ወለሌ ላይ ምግብ ቢቀርብ ይበላል። «ከዚያ ውኃው ይወስደዋል» አልኳት።

«ወዴት?» አለች ወርቄ።

ዞርኩባት።

«ወዴት ነው የሚወስደው፣ እትዬ?»

ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ስንሆን ይህን ጠይቃኝ አታውቅም። ወይም ጠይቃኝ አልሰማሁም። ሰናይት ረግረጉ የሚወርደውን ቆሻሻ እንደ ወንፊት እንደሚያስቀር፣ ሲበዛበት ግን ወንፊቱ ራሱ እንደሚደፈን አስረዳችኝ። እኔ ግን እያየሁ የነበረው የወርቄን እግር ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ያሳከካት ቦታ ቀልቷል። በረቴ ሲጸዳ የኖረው በእሷ እግር ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ወገቤ ይናገረዋል። ቦዩን በድንጋይ ደፈንኩት። አዛባው ከላይ በኩል ጉድጓድ ተቆፍሮለት ለእንሰቱና ለሙዙ ሆነ። ጌታሁን የአጥር እንጨት አመጣ፤ ላሞቹ ወንዝ እንዳይገቡ አጠርን። ከተረፈው ሲሚንቶም ገንዳ ሠራልኝ። አዛባው ለእንሰት እንደሚሆን እሱ ድሮም ያውቅ ነበር። ለምን አልነገርከኝም ስለው «ፈራሁዎት» አለኝ። ወርቄ ከረግረጉ የቄጠማ ሥር እየነቀለች፣ እኔ ለላሞቼ አጭጄ አጭጄ ያራቆትኩትን የወንዝ ዳር መልሳ ተከለችው። እግሯን ከውኃ ውስጥ ሳታወጣ፣ እየተሳደበችኝ። እሜቴ ገንዳውን ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን የሚያያት ሰው የሌለ መስሏት ጠጣች፤ ከመስኮት አየኋት።

ሥራው ሲያልቅ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጥፋቴን አምኛለሁ፣ በደሌን ግን አልተውኩም። ልክ ገምቶ የፈረደ ሰውም ሳያይ ፈርዷል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅሁ፤ ታፔላው ሲተከል ከላይ እንዳልተለካ ይታመንልኝ፣ ላሞቼም ይቆዩልኝ።

መልሱ ማኅተም ያለው ወረቀት ሆኖ መጣ። ከአመልካች ግቢ በላይ ሳይለካ ታፔላው መተከሉ አግባብ ስላልነበረ ይነቀል ይላል። ላሞቹም አጥሩና ጉድጓዱ እስካሉ ድረስ ባሉበት ይቆዩ፤ ውኃው በየሦስት ወሩ ከላይም ከታችም ይለካ ይላል። ራሴ አነበብኩት፣ ጌታሁንን አስነበብኩት፣ ለቦራ፣ ለዳለቻና ለእሜቴ አነበብኩላቸው።

በሳምንቱ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ታፔላውን ነቀሉት። አጥሬን ተደግፌ አየሁ። እርጎ አቀረብኩላቸው፤ ጠጡ፣ አመሰገኑ። ከዚያ ታፔላውን አንሥተው ቀስቱ ወደ ወንዙ እንዲያመለክት አድርገው አዞሩትና እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሰው ተከሉት።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኳቸው። «ልትነቅሉት አልነበረም የመጣችሁት?»

«ነቀልነው እኮ» አለ አንደኛው፤ አፈሩን በእግሩ እየደለደለ።

ሰናይት ከኋላቸው ቦት ጫማዋን አድርጋ መጣች። «ውኃው ገና አልጠራም እማማ» አለችኝ። «እስኪጠራ ድረስ ሰው እንዳይጠጣው መነገር አለበት።»

«መልሳችሁ የምትተክሉት ከሆነ ታዲያ ለምን ነቀላችሁት?»

መረቧን ከትከሻዋ አወረደች።

«ያኔ የተከልነው ገምተን ነው» አለችኝ። «አሁን የተከልነው ለክተን ነው።»